ጠጋ ጠጋ፣ ማሙሽ!

ልጆች፣ ጆሯችሁን ያዝ አድርጉ! የውዳሴ አባት ሊናገር ነው።

«ሳሪስ! አቦ! ቃሊቲ! ጠጋ ጠጋ በሉ!»

ሰማችሁ? የውዳሴ አባት አስቻለው የታክሲ ረዳት ነው። ቀኑን ሙሉ ታክሲው በር ላይ ቆሞ ሰው ይጠራል።

ድምፁ ትልቅ ነው። ሲስቅ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያስነጥስ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል።

ቤቱ ተቀምጦ «ዳቦ አምጪልኝ» ሲል ደግሞ ጎረቤትም ዳቦ ይዞ ይመጣል።

ውዳሴ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። አንድ ነገር ከፈለገች ደግሞ ፈለገች ነው፤ ማንም አያስተዋትም።

«ይቺ ልጅ መዥገር ናት!» እያለች እናቷ ፀዳለ ትስቃለች።

አሁን ውዳሴ የምትፈልገው ሕፃን ነው። ሕፃኑ ያለው ደግሞ እናቷ ሆድ ውስጥ ነው።

በየቀኑ የእናቷን ሆድ ታንኳኳለች። «ኳ! ኳ! አለህ? መቼ ነው የምትወጣው?»

ሕፃኑም ከውስጥ በእግሩ ይመልስላታል። «ዱብ!»

«ገና ነው» ትላለች እናቷ። «ክረምቱ ይለፍና ይመጣል።»

ሕፃኑ ግን ክረምቱ እስኪያልፍ አልጠበቀም።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። «ዷ! ዷ! ዷ!»

እናቷ ወገቧን ይዛ ተነሣች። «አስቻለው፣ ሆስፒታል እንሂድ» አለች።

«ታክሲ!» ብሎ አባቷ ጮኸ። ሰፈሩ በሙሉ ከእንቅልፉ ነቃ።

ውዳሴ ከጎረቤታቸው ከእትዬ በላይነሽ ጋር ቀረች። ቀኑን ሙሉ በሩን ስታይ ዋለች።

ከሰዓት በኋላ አባቷ መጣ። ከላይ እስከ ታች በስብሷል። «ውዳሴ! ወንድም አገኘሽ!»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!» አሉ እትዬ በላይነሽ።

ውዳሴ ከአባቷ ኋላ አየች። ከጎኑም አየች። «የታለ?»

አባቷ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ማሙሽ ቸኩሎ ነው የተወለደው። በጣም ትንሽ ነው። እናትሽም ኦፕራሲዮን ተደርጋ ደክሟታል።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል?»

አባቷ ሁለት እጆቹን አቀራረበ። አሰበ። ከዚያ ደግሞ ይበልጥ አቀራረባቸው።

ውዳሴ በእጆቹ መካከል ያለውን ቦታ አየች። ለድመት እንኳ አይበቃም።

«ቤት መቼ ይመጣል?»

«እሱን ቶሎ ቶሎ ይበርደዋል። ሲሞቀው፣ ወተት ሲጠባ፣ ክብደት ሲጨምር ነው የሚመጣው። ትንሽ ካልከበደ አይለቁትም።»

ውዳሴ ብድግ አለች። «እንግዲያው እናሙቀዋ!»

ሮጣ ብርድ ልብሷን አመጣች። እትዬ በላይነሽ ጋቢያቸውን ጨመሩ። የታክሲው ሾፌር ጋሽ ንጉሤ ካፖርታቸውን ጨመሩ። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ፎጣም፣ ሹራብም፣ አንሶላም መጣ።

በማግስቱ አንድ ትልቅ የልብስ ክምር ሆስፒታል ገባ። ክምሩ በእግሩ ሄደ እንዳትሉ፤ ከሥሩ ውዳሴ ነበረች፤ ከኋላዋ ደግሞ አባቷ።

«ምነው፣ ሱቅ ልትከፍቱ ነው?» አለች አንዲት ነርስ። ስሟ ሲስተር ከድጃ ነው።

«ለማሙሽ ነው። እንዲሞቀው!» አለች ውዳሴ ከክምሩ ሥር ሆና።

ሲስተር ከድጃ ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የውዳሴን ዓይኖች ፈለገቻቸው።

«ጎበዝ ልጅ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ? ጋቢ ሙቀት ያስቀምጣል እንጂ ሙቀት አይሠራም። ሙቀት የሚሠራው ሰው ነው።»

እናቶቹ ያሉበት ክፍል የመስታወት በር አለው። ልጆች ከዚያ በር አያልፉም። ውዳሴ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

እናቷ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። ከልብሷ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ኮፍያ ብቅ ብላለች።

ከኮፍያዋ ሥር ማን አለ? ማሙሽ!

«ገላ ለገላ ነው የያዘችው» አለች ሲስተር ከድጃ። «እንዲህ ሲያዝ ይሞቀዋል፤ ሲሞቀው ያድጋል። ቀንም ሌሊትም መያዝ አለበት።»

«እማዬ መቼ ትተኛለች ታዲያ?» ብላ ውዳሴ ጠየቀች። የእናቷ ዓይኖች ቀልተዋል፤ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘንበል፣ ዘንበል ይላል።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። እናት መታጠብ አለባት፣ መብላት አለባት፣ መተኛት አለባት። ተረኛ ያስፈልጋታል።»

«እኔ! እኔ ተረኛ!» አለች ውዳሴ እየዘለለች።

«የአንቺ ደረት ገና ጠባብ ነው።» ሲስተር ከድጃ ወደ ላይ፣ ወደ አንድ ሰፊ ደረት አየች። «አባቱስ?»

አባቷ ወደ ኋላው ዞረ፤ ሌላ አባት ያለ መስሎታል። «እኔን ነው? ወንድ ልጅ ሕፃን ደረቱ ላይ ለጥፎ? ሰፈሩ ምን ይለኛል?»

«ሰፈሩማ ጋቢ ነው የላከው» አለች ሲስተር ከድጃ። «ደረት የላከ ሰው የለም።»

ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን ነበር። «አስቻለው... ደከመኝ።»

አባቷ ይህን ሲሰማ እጁን ታጥቦ ገባና የሸሚዙን ቁልፎች መፍታት ጀመረ። «እሺ!» አለ።

ወይኔ! ያ «እሺ» ታክሲ የሚያስቆም «እሺ» ነበር።

ማሙሽ ብርግግ አለ። «ኡዋ! ኡዋ!»

ከአጠገቡ ያለችው ሕፃንም ነቃች። «ኡዋ! ኡዋ!» ከወዲያ ያለውም፣ ከወዲህ ያለችውም፣ ክፍሉ በሙሉ፣ «ኡዋ! ኡዋ! ኡዋ!»

«ኧረ ወንድሜ፣ በፈጠረህ!» አለች የጎን አልጋዋ እናት ጫልቱ፣ ጆሮዋን ይዛ።

«ይቅርታ!» አለ አባቷ። ይቅርታውም ጮኸ። «ኡዋ! ኡዋ!»

አባቷ ቁልፎቹን መልሶ ቆለፈ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

«የእኔ ድምፅ ለዚህ ቤት አይሆንም» አለ ግቢው ውስጥ። «እኔ ለታክሲ ነው የተፈጠርኩት።»

ውዳሴ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች። «አባዬ፣ ቀስ ብሎ መናገር ትማራለህ።»

«አይሆንልኝም፣ ልጄ።»

«ይሆንልሃል!»

«ማን ያስተምረኛል?»

«እኔ!»

የመጀመሪያው ትምህርት በድመት ነበር። የእትዬ በላይነሽ ድመት ወንበር ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«ሳትቀሰቅሳት ሰላም በላት» አለች ውዳሴ።

አባቷ በጣቶቹ ቆሞ ተጠጋ። ጎንበስ አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሰላም!»

ድመቷ የት ሄደች? ቁም ሳጥኑ ላይ! የድስት ክዳኑስ? መሬት ላይ! «ቿ! ቿ! ቿ!»

«እንደገና፣ አባዬ!»

ሁለተኛው ትምህርት በሻርፕ ነበር። ውዳሴ የአባቷን አፍ በእናቷ ሻርፕ ጠመጠመች። አሁንም ጠመጠመች። አፍንጫው ብቻ ቀረ።

«እምፍ እምፍፍ!» አለ አባቷ።

እትዬ በላይነሽ ከጓሮ መለሱ። «አቤት አስቻለው! ጠራኸኝ?»

«እንደገና፣ አባዬ!»

ሦስተኛው ትምህርት በሻማ ነበር። ክረምት አይደል? መብራት ሄደ። እትዬ በላይነሽ ሻማ አበሩ።

«ሻማው ሳይጠፋ ስሜን ጥራ» አለች ውዳሴ።

አባቷ ሻማውን አየ። ሻማው አባቷን አየው። «ውዳሴ!»

እፍ! ድቅድቅ ጨለማ።

«ሆ! ዛሬስ ጉድ ነው» አሉ እትዬ በላይነሽ። ክብሪት ፍለጋ በዳበሳ ሄዱ።

አባቷ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ውዳሴም ደክሟታል። እናቷም ናፍቃታለች።

ጭኑ ላይ ወጣች። ጆሮዋን ደረቱ ላይ አሳረፈች። ከውስጥ «ድም፣ ድም፣ ድም» ይላል።

አባቷ ሲጨነቅ፣ ሳያውቀው የሚያደርገው ነገር አለ። ከንፈሩን ገጥሞ የታክሲውን መንገድ ያንጎራጉራል።

«እምም... ሳሪስ... አቦ... ቃሊቲ... እምም...»

የሚገርም ነው! ድምፁ በአፉ አልወጣም። በደረቱ በኩል መጣና የውዳሴን ጆሮ ኮረኮረው። ሙቀት ሙቀት አላት። ዓይኗ ክድን፣ ክድን አለ።

ወዲያው ደግሞ ብድግ አለች። «አባዬ! አሁን ያደረግኸው ምንድን ነው?»

«ምን አደረግኩ?»

«ተናገርክ! ድመቷ አልሰማችህም! እትዬ በላይነሽም አልሰሙህም! እኔ ብቻ ሰማሁህ!» ውዳሴ ደረቱን መታ መታ አደረገችው። «በአፍህ ሳይሆን በዚህ ተናገር። እንደገና፣ አባዬ!»

አባቷ እንደገና አንጎራጎረ። «እምም... ሳሪስ... አቦ... ቃሊቲ... ጠጋ ጠጋ...»

ሻማው ሲበራ ድመቷ ወንበሯ ላይ ተመልሳለች። ተጠቅልላ ተኝታለች።

በማግስቱ አባቷ ገላውን ታጠበ። ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። የመስታወቱ በር ጋ ሲደርሱ ግን ቆመ።

«ደግሞ ብቀሰቅሳቸውስ?»

«አፍ?» ብላ ውዳሴ ጠየቀችው።

«ዝግ» አለ አባቷ።

«ደረት?»

«ክፍት።»

«ግባ!»

ሲስተር ከድጃ ማሙሽን ከእናቱ ደረት አነሣችው። አባቱ ደረት ላይ አስተኛችው፤ በነጠላ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው፤ ሸሚዙን ከላይ ዘጋችው። ኮፍያው ብቻ ብቅ ብሎ ቀረ።

ጫልቱ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ለማንኛውም ብላ ነው።

ማሙሽ ተንቀሳቀሰ። ይህ የእማዬ ደረት አይደለም! ይህ ፀጉር አለው! ፊቱን ጭምድድ አደረገ። «ኡ...»

አባቱ ደነገጠ። አፉን ከፈተ። ትልቅ! ሰፊ! የታክሲ አፍ!

ውዳሴ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ደረቷን መታች። ድም! ድም! ድም!

አባቷ አያት። አፉን ግጥም አደረገ።

«እምም... ሳሪስ... አቦ... ቃሊቲ... ጠጋ ጠጋ፣ ማሙሽ... ጠጋ ጠጋ...»

ማሙሽ አዳመጠ። የተጨማደደው ፊት ተፍታታ። ጆሮውን አባቱ ደረት ላይ ለጥፎ ለሽ አለ።

እናቱ ይህን አይታ ፈገግ አለች። ከዚያ ትራሷን አቅፋ ተኛች። ከወለደች ጀምሮ እንዲህ ተኝታ አታውቅም።

ጫልቱ ጆሮዋን ለቀቀች። ልጇን አየች። የእሷም ልጅ ተኝታለች!

«ወንድሜ» አለች በሹክሹክታ፣ «እስኪ ወንበርህን ወደዚህ ጠጋ አድርገው። የእኔም ልጅ ቃሊቲ ትድረስ።»

ከዚያ ወዲያ በተራ ሆነ። እናት ስታርፍ አባት ይይዛል፤ አባት ሲበላ እናት ትይዛለች።

ዝናብ ዘነበ፤ ውዳሴ መጣች። ጭቃ ሆነ፤ ውዳሴ መጣች። አንድ ጫማዋን ጭቃው ዋጠው፤ ውዳሴ በአንድ ጫማ መጣች።

አንድ ቀን ሾፌሩ ጋሽ ንጉሤም መጡ። በሩን ገርበብ አድርገው ጠሩት። «አስቻለው፣ ሰዉ እየጠበቀ ነው እኮ! አትመጣም?»

አባቷ ሸሚዙ ውስጥ ያለውን እብጠት አሳያቸው። «እኔ ሞልቻለሁ» አለ በሹክሹክታ።

ጋሽ ንጉሤ አፋቸውን ይዘው እየሳቁ ሄዱ።

በየጠዋቱ ሲስተር ከድጃ ማሙሽን ሚዛን ላይ ታስቀምጠዋለች። ሚዛኑ «ትት!» ይላል። ትንሽ ጨመረ። በሚቀጥለው ቀን «ትት!» ደግሞ ትንሽ።

አንድ ጠዋት ግን ሚዛኑ «ትት!» አለና ሲስተር ከድጃ ፈገግ አላለችም።

«ዛሬ ቀንሷል» አለች።

ውዳሴ አለቀሰች። ዝም ብላ አይደለም፣ ከልቧ አለቀሰች። «ሁሉንም አድርገናል እኮ! አባዬም ተምሯል! ለምን ይቀንሳል?»

ሲስተር ከድጃ ወጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ማሙሽ ገና ጉልበት የለውም። ጡት ሲጠባ ቶሎ ይደክመውና ሳይጠግብ ይተኛል። አንዳንድ ሕፃን እንዲህ ያደርጋል።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«እናትሽ ወተቷን በትንሽ ኩባያ ታልብለታለች። ከጠባ በኋላ ቀስ እያልን በኩባያ እናጠጣዋለን። ዛሬም፣ ነገም፣ እንደገና፣ እንደገና።»

ውዳሴ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ወደ መስታወቱ ተመለሰች።

«እንደገና፣ ማሙሽ!» አለች።

እናቱ በኩባያ ሰጠችው። ትንሽ ጠጣና ተኛ። «እንደገና፣ ማሙሽ!»

አባቱ አሞቀው። ነቃና ጠባ። «እንደገና፣ ማሙሽ!»

በማግስቱ ሚዛኑ «ትት!» አለ። የቀነሰው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጨመረ። ከዚያም ጨመረ።

ጉንጩ ሞላ። ኮፍያው ጠበበው። የረሃብ ለቅሶውም ተቀየረ፤ «ኡዋ!» ሲል አሁን ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

«ይሄ የአባቱ ልጅ ነው!» አለች ጫልቱ።

አንድ ቀን ዝናቡ አባራ። ፀሐይ በመስኮቱ ገባች። ሚዛኑም «ትት!» አለ።

ሲስተር ከድጃ ሚዛኑን አየች። ደግማ አየች። ከዚያ የመስታወቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ውዳሴ፣ ወንድምሽን ይዛችሁ ቤታችሁ ግቡ!»

ጋሽ ንጉሤ ታክሲውን እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ አድርገው ነዱት። ጉድጓድ ሲያዩ ዞር፣ ድንጋይ ሲያዩ ዞር።

የቤታቸው በር ላይ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። እትዬ በላይነሽ ገንፎ አገንፍተው ጨርሰዋል። ሴቶቹ አንገታቸውን ቀና፣ አፋቸውን ከፈት አድርገዋል። እልልታ ሊመጣ ነው!

ውዳሴ ከታክሲው ዘልላ ወረደች። እጆቿን ዘረጋች። «ቆይ! ማሙሽ ተኝቷል። እልልታው በሹክሹክታ ይሁን!»

«እልልታ በሹክሹክታ?» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ኧረ ተሰምቶም አይታወቅ!»

«ትማራላችሁ» አለች ውዳሴ።

እነሱም ሞከሩ። «እልልልል...» በጣም ጮኸ! እንደገና። «እልልል...» ገና ነው! እንደገና።

ልጆች፣ እናንተም ሞክሩት እስኪ። «እልልልልል...» ቀስ... አዎ፣ እንደዚያ! ማሙሽ አልነቃም።

ገንፎው ተበላ። እንግዶቹም በጣቶቻቸው እየሄዱ ወጡ። አባቷ ጋደም ከማለቱ አንኮራፋ። «ኽርርር!» ለዚህ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሳያስፈልገው አይቀርም።

እናቷ ውዳሴን አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። ከኋላዋ ትራስ፣ ከጎኗ ትራስ አደረገችላት።

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«በይ ያዢው እንግዲህ።» እናቷ ማሙሽን በእጆቿ ላይ አኖረችላት።

ውዳሴ ስንት ቀን በመስታወት አይታዋለች! አሁን ግን መስታወት የለም። ጉንጩ ይሞቃል። ትንፋሹ ወተት ወተት ይላል። ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

ትንሽ ቆየና ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እማዬ!»

እናቷ ደነገጠች። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ማሙሽ ይከብዳል!»

የእናቷ ዓይኖች እንባ ሞሉ፤ አፏ ግን ይስቅ ነበር። «ምን አልሽ?»

«በጣም ይከብዳል! እጄ ዛለ!»

«እሰይ!» አለች እናቷ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አቅፋ። «እሰይ የኔ ልጆች! ይክበድ!»